የሮቢት መንገድና ከመኪና ሥር ያለው ብረት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አለውሃን ተሻግሮ፣ ጎብዬን አልፎ ሮቢት ሲደርስ መሬቱ ሜዳ ይሆንለታል። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል፤ በመካከላቸው ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት የራያ ቆላ ተዘርግቷል። መንገዱም ከተራራ ጥምዝምዝ ተላቅቆ ወደ ቆቦ ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጥ ያለ መንገድ አግኝቶ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ የማይከብድ ነጂ ደግሞ ጥቂት ነው።

የዛሬው ነገራችን ግን ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከመኪና ሥር ተጋድሞ ስለሚኖር፣ ተሳፋሪው ከቶ ስለማያየው፣ ነጂውም ሲንኳኳ ካልሆነ በቀር ስለማያስታውሰው አንድ ብረት ነው። መካኒኮቻችን ስታቢላይዘር ይሉታል። በዚህ ብረት ላይ በአሁኑ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ሲደረጉ እናያለን። በአንድ በኩል አዲስ መኪና የያዘ ወጣት፣ በስልኩ ያየውን የውድድር መኪና ለመምሰል፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ወፍራም ስታቢላይዘር ከዱባይ በሰው ያስመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚኒባስና የፒካፕ ነጂ የፋብሪካውን ስታቢላይዘር «ይንኳኳል» ብሎ አስፈትቶ ከጋራዡ ጥግ ይጥለዋል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሁለቱም ብረቱ ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ነው። በእኛ አስተያየት ስሕተቱ አንድ ነው፤ ጉዳቱ ግን እኩል አይደለም።

በመጀመሪያ ሥራውን እንመልከት። ስታቢላይዘር ማለት ግራውንና ቀኙን ጎማ የሚያገናኝ፣ መካከሉ በሻንሲው ላይ በጎሚኒ የታሰረ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ጎማዎቹ ታጥፈው በአጫጭር ሊንኮች የተያዙ ዘንግ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድና ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ እኩል ሲነሡ ዘንጉ ከነርሱ ጋር ይዞራል እንጂ ምንም አይከላከልም። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን ሰውነቱ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የግራው ሞላ ይጫናል፣ የቀኙ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞም ለመመለስ ስለሚታገል ማዘንበሉን ይገታዋል። አሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም፤ ካናዳ ውስጥ የፍሬድሪክተን ከተማ ሰው የነበረው ስቲቨን ኮልማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 ዓ/ም የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

የዘንጉ ኀይል በውፍረቱ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሒሳቡ ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ትምህርት የሚያገኙት ነው። ጥንካሬው የሚያድገው በውፍረቱ ልክ ሳይሆን በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። እንግዲህ 20 ሚሊ ሜትር የሆነውን ዘንግ በ22 ሚሊ ሜትር የለወጠ ሰው «ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል?» ቢል፣ መልሱ ጥንካሬውን በ46 በመቶ ከፍ ማድረጉ ነው። 24 ሚሊ ሜትር ያስገባ እንደሆነማ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከዚህም በቀር የታጠፈው ክንድ ባጠረ ቁጥር ዘንጉ ይጠነክራል፤ ለውድድር የሚሠሩት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ የሚበሳላቸው ስለዚህ ነው፤ ሊንኩ ከጫፉ ወደ ውስጥ በቀረበ መጠን ዘንጉ ይጠነክራል። መካከሉ ባዶ ሆኖ እንደ ቧንቧ የተሠራም አለ። ለምሳሌ ከውጭ 25፣ ከውስጥ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ፣ ከድፍኑ 25 ሚሊ ሜትር ዘንግ ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ጥንካሬው ግን 79 በመቶ ያህል ይቀራል። ስለዚህ በዐይን ብቻ ውፍረትን አይቶ መግዛት፣ ስልቻውን አይቶ እህሉን እንደ መግዛት ይቆጠራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ደርሰናል። ወፍራም ስታቢላይዘር የገባበት መኪና በኩርባ ላይ አያዘነብልም፤ ነጂውም «መኪናዬ መሬት ቆንጥጦ ያዘ» ይላል። ይሁን እንጂ በኩርባ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው የሚሸሸው ክብደት በጠቅላላው የሚወሰነው በመኪናው ክብደት፣ በፍጥነቱ፣ በኩርባው ጥበት፣ በክብደቱ ማዕከል ከፍታና በጎማዎቹ መካከል ባለው ስፋት ነው። ስታቢላይዘሩ ይህን ድምር እምብዛም አይለውጠውም። የሚለውጠው ድርሻውን ነው፤ ይኸውም ከፊት ስንት ይሽሽ፣ ከኋላ ስንት ይሽሽ የሚለውን ነው። የፊቱን ያጠነከረ እንደሆነ የፊቱ ውጪኛ ጎማ ይበልጥ ይጨነቃል፤ መሪው ቢዞርም አፍንጫው ወደ ኩርባው ውጭ ይገፋል። የኋላውን ያጠነከረ እንደሆነ ደግሞ የኋላው ቀድሞ ይከዳል፤ የመኪናው ጅራት ይሸሻል። የመጀመሪያውን ነጂ ሁሉ ፍጥነት በመቀነስ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ግን የሚመልሰው የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው፤ እሱም ቦታ ካገኘ ነው።

ይህንን በሚገባ ካስተዋልን የፖርቶመጋላው ነገር ሳይጠራ ይመጣል። አንድ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው 2800 ኪሎ ይመዝናል፣ የክብደቱም ማዕከል ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። በጣሪያው ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከ20 ላይ፣ 200 ኪሎ ማሽላ ብንጭንበት ማዕከሉ ወደ 89 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ለዐይን ምንም አይደለም። ነገር ግን በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ47 ከሆነ፣ የስፋቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል 0.92 የነበረው ወደ 0.83 ይወርዳል፤ መኪናው ሳይገለበጥ የሚችለው የኩርባ ኀይል ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ይህን የቀነሰውን ማንም ስታቢላይዘር አይመልሰውም። የሚመልሰው ጆንያውን ማውረድ ነው።

ወደ ሮቢት እንመለስ። ከተማው ውስጥ ከባጃጁ፣ ከጋሪው፣ ገበያ ከሚወጣውና ከሚገባው ሕዝብ መካከል የሚነዳ ሰው ወፍራም ዘንግ ምንም አይፈይድለትም። ከከተማው ወጣ ሲል ደግሞ ሜዳው ላይ ከብት አለ፣ ግመል አለ፤ በክረምት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ አሸዋና ድንጋይ አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ይጥላል። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገነጠለው መንገድ ኮረኮንች ነው። በኮረኮንች ላይ የሚሆነው ምንድን ነው? አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ሌላው በጉድጓድ ይገባል፤ ጥሩው ነገር እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ተነሥቶ ለብቻው መውረዱ ነበር። ወፍራሙ ዘንግ ግን ሁለቱን ጎማዎች እንደ ቀንበር በሬዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። የግራው ሲነሣ የቀኙን ይዞት ሊነሣ ይፈልጋል፤ የተነሣውም ጎማ መሬቱን በሚገባ አይጨብጥም፣ ፍሬንም አይረዳም። መኪናው በሰውነቱ ሳይሆን በራሱ እየተወዛወዘ ተሳፋሪውን ግራና ቀኝ ያላጋዋል። ስለዚህ ለሮቢትና ለቆቦ መንገድ ከፋብሪካው በላይ ወፍራም ዘንግ መግዛት ገንዘብ አውጥቶ ምቾትንና የጎማ ጭብጥን መሸጥ ነው ብንል አልተጋነነም።

«እንግዲያስ ማስወጣት ይሻላል» የሚለውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። እኛ ራሳችን በአንድ ጋራዥ ቆመን የሰማነው ነው። መካኒኩ ነጂውን «ወንድምዬ፣ ይኸ ብረት ለፈረንጅ አስፋልት የተሠራ ነው፤ ለኛ ኮረኮንች ምን ያደርግልሃል? ፈትቼ ልስጥህና ከነጭቅጭቁ ተገላገል» አለው። ነጂውም ሊንክ የሚገዛበትን ገንዘብ አተረፍሁ ብሎ ደስ አለው። መካኒኩ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ድንጋያማ መንገድ ላይ ዘንጉ ባይኖር ጎማው ይበልጥ ይዘረጋል፤ ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን የሚባለው መኪና ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ የፊቱን ስታቢላይዘር ነጂው በቁልፍ እንዲያላቅቀው ሆኖ የተሠራው፣ በላንድክሩዘር 200 ላይም በዘይት ግፊት ዘንጉን እንደ ሁኔታው የሚያላላና የሚያጠብቅ መሣሪያ የገባው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የጂፑ ቁልፍ በዝግታ ሲሄድ ብቻ ያላቅቃል፣ ፍጥነት ሲጨምር መልሶ ያገናኛል። የእኛ መካኒክ በመፍቻ የፈታውን ግን ማን መልሶ ያገናኘዋል? ያ ሚኒባስ ከኮረኮንቹ ወጥቶ ያው በሰማንያና በመቶ ኪሎ ሜትር ሜዳውን ይበራል፤ ከዚያም ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣውን የግራ ካሱን ጥምዝምዝ፣ ወደ 1000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ ከነጭነቱ ወጥቶ ይወርዳል። ሕፃን ልጅ መንገድ አቋርጦ ነጂው መሪውን ድንገት ወደ ግራ፣ ወዲያውም ወደ ቀኝ ቢመልሰው፣ ያለ ዘንግ የቀረው የመኪና ሰውነት የመጀመሪያውን ማዘንበል ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርስበታል። መገልበጥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ምልስ ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ/ም ስዊድን ውስጥ ጋዜጠኞች አዲሱን የመርሴዲስ ኤ ክላስ መኪና በዚሁ ዐይነት ፈተና ቢነዱት ተገልብጦባቸው፣ ያ ታላቅ ፋብሪካ የተሸጡትን መኪኖች መልሶ ለማረም ተገዷል።

የፊቱ ዘንግ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህም የቆየ ምሳሌ አለ። ሼቭሮሌት ኮርቬር የተባለው፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ የአሜሪካ መኪና ከ1960 እስከ 1963 (እ.ኤ.አ.) የተሸጠው የፊት ስታቢላይዘር ሳይኖረው ነበር። የኋላ ጎማዎቹ አሠራር በኩርባ ላይ ወደ ውስጥ የመታጠፍ ጠባይ ስለነበረው፣ ፋብሪካው ችግሩን የሚያቃልለው የፊቱን ጎማ በ15፣ የኋላውን በ26 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ብቻ ሙሉ ብሎ በማዘዝ ነበር። ይህን ስንቱ ነጂ፣ ስንቱስ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ያውቅ ነበር? ፋብሪካው በ1964 ሞዴል ላይ የፊቱን ዘንግ በሁሉም ላይ አስገባ። ራልፍ ናደር የተባለው ወጣት የሕግ ሰው በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለዚሁ መኪና ሰጠው፤ ኩባንያው ሰላይ ቀጥሮ ቢያስከትለው የኩባንያው ፕሬዚዳንት በ1966 ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አወጣች። እርግጥ ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1972 ባወጣው ጥናት ያ መኪና ከዘመን ጓደኞቹ የባሰ አይደለም ተብሏል። ይህንንም መናገር ይገባል። ቢሆንም እዚህ ላይ የሚያስደንቀን፣ ታላቅ አገር በፓርላማ የተከራከረበትን አንድ ዘንግ የእኛ ነጂ በሊንክ ዋጋ ምክንያት ጥግ ላይ መጣሉ ነው።

የእኛ አገር ዋናው «ማሻሻያ» ደግሞ ከዱባይ የሚመጣው አይደለም፤ ባሌስትራ መጨመር ነው። የሃይሉክስ ፒካፕ ወይም የአይሱዙ ባለቤት ብዙ ለመጫን ሲል ከኋላ አንድ ሁለት ቅጠል ያስጨምራል። ይህም ሰው ሳያውቀው ወፍራም የኋላ ስታቢላይዘር እንዳስገባ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም የኋላው ለማዘንበል እምቢ ማለቱ ጨምሯል፣ የፊቱ ግን እንደ ነበረ ነው። በብዙዎቹ ፒካፖች ስታቢላይዘሩ ያለው ከፊት ብቻ ነውና፣ ይኸው የፊቱ ዘንግ የተፈታ እንደሆነ ሚዛኑ ጨርሶ ወደ ኋላ ይዞራል። ጭነቱን ቆቦ አራግፎ ባዶውን ወደ ሮቢት የሚመለስ፣ ባሌስትራው የተጨመረለት፣ የፊት ዘንጉ የተፈታለት ፒካፕ በመጀመሪያው የካፊያ ቀን ጅራቱ ቢሸሽ ሊያስደንቅ አይገባም። ነጂው «አስፋልቱ ዘይት ነበረው» ይላል።

ስለ ውድድር የጠየቁን ወጣቶች አሉና ለእነርሱም የምንለው አለን። መኪና መወዳደርን እኛ አንጠላም፤ የሥልጣኔ ጨዋታ ነው፣ ብዙ መካኒክም ያስተምራል። ቦታው ግን የተዘጋ፣ ሰውና ከብት የማይገባበት መሆን አለበት፤ ከሮቢት ቆቦ ያለው ሜዳ እንዲህ ያለ ቦታ አይደለም። በተዘጋ ቦታ የሚነዳ ሰው በመጀመሪያ ጎማውን፣ ፍሬኑንና አሞርዛተሩን ያሳምር። ከዚያ በኋላ ስታቢላይዘር የሚገዛ እንደሆነ ቀዳዳው ብዙ የሆነውን ይምረጥ፤ ከላላው ቀዳዳ ጀምሮ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ፣ የዙሩን ሰዓት በደብተር እየጻፈ ይሞክር። እንደ ቪትዝ ያለው በፊት ጎማው የሚጎተት መኪና በኩርባ አፍንጫው የሚገፋ ስለሆነ፣ ለውድድር የሚጠነክርለት የኋላው ነው፤ የፊቱን አጠንክሮ «ስፖርት አደረግሁት» የሚል ሰው በሽታውን አባሰው እንጂ አላከመውም። በኋላ ጎማው የሚገፋ መኪና ግን የኋላው ከበዛበት ውስጠኛው ጎማ ከመሬት ለቆ በባዶ ይሽከረከራል። በ1953 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረውን የሳፋሪ ራሊ የሚመስል የአፈርና የድንጋይ ውድድር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ በዚያ መኪናው ከፍ ይላል፣ ዘንጉ ይላላል። እንግዲህ «ውድድር» የሚለው ቃል ብቻውን ወፍራም ማለት አይደለም። ሲጨርስም የፋብሪካውን ዘንግ መልሶ አስገብቶ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ በውድድር ቦታ ጅራቱ ሲሸሽ የሚጠብቀው ሜዳ ነው፣ በመንገድ ላይ ግን ከፊቱ የሚመጣ አውቶቡስ አለ።

ለመንገድ ብቻ የሚነዳ ሰው ምርጫው ከዚህ የቀለለ ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ ያሮጀ ኮሮላ ገዝቶ እንደሆነ፣ በኩርባ ማዘንበሉ የሚመጣው ዘንጉ ስለቀጠነ ሳይሆን ጎሚኒው ስለተበላና ሊንኩ ስለላላ ነው ብሎ ይጀምር። በትንንሽ ጉድጓድ ላይ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ምልክቱ ነው። የፋብሪካውን ውፍረት የያዘ ሊንክና ጎሚኒ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ግራና ቀኙን በአንድ ላይ መለወጥ ነው። ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ጠንካራ ጎሚኒ የሚያወድሱ አሉ፤ እርግጥ ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል፣ ነገር ግን ቅባት ይፈልጋል፤ የራያ አቧራ ከገባበት ይጮኻል። የተለመደው ላስቲክ ይበቃል። መካኒኩም አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ አንሥቶ ሊንኩን እንዳይፈታ መከልከል አለበት፤ ዘንጉ ተጠምዝዞ ይቆያልና ሲፈታ እጅ ይመታል፣ ሲታሰርም በግድ ይታሰራል። ወይ ሁለቱንም ጎን ማንሣት፣ ወይ በጎማው እንደ ቆመ ከሥሩ መግባት ነው።

በ2016 ዓ/ም መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታሰብ፣ በእጃችን ያሉት መኪኖች ከእንግዲህ የሚያረጁት እኛው ጋ ነው። ያረጀ መኪና ደግሞ ከሞተሩ በፊት የሚያልቀው በላስቲኩ ነው።

በመጨረሻም በትራንስፖርት ቢሮና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሾሙትን ወጣት ሹማምንት አንድ ነገር እንጠይቃቸዋለን። ለዓመታዊ ምርመራ፣ ሕዝቡ ቦሎ ለሚለው፣ የሚቀርብ መኪና መብራቱና ፍሬኑ ይታያል። መርማሪው ከጉድጓዱ ገብቶ ወደ ላይ ሲመለከት፣ የስታቢላይዘሩ ሁለት ሊንኮች በቦታቸው መኖራቸውን በእጁ ነቅንቆ ያረጋግጥ፤ ባዶ ቀዳዳ ያገኘ እንደሆነ መኪናው ዘንጉ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ወረቀቱን አይስጠው፤ ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ከሆነ ከቶ አይለፈው። የመሥሪያ ቤቱን ፒካፕ የሚጠቀም ሹም ደግሞ ወደ ቀበሌ ከመውጣቱ በፊት ሾፌሩን «የፊቱ ዘንግ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሾፌሩ «አዎ ጌታዬ፣ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጧል» ብሎ የመለሰለት እንደሆነ፣ በዚያው ቀን ከሁለት ሊንክና ከአራት ጎሚኒ ጋር ይግዛለትና ያስገባለት።